ያፈጠረበት ብርዝ

ያን ቀን ከሱሁር፣ ጾም ከመያዙ በፊት በሌሊት ከሚበላው ምግብ በኋላ፣ እናቴ የማሩን ቅል ገልብጣ በጣቷ ጠረገችው። የወጣው ጥቂት ነበር። በውሃ በጥብጣ በዘይት ቆርቆሮ ሞላችና አፉን በሙዝ ቅጠል ሸፈነችው። ወንድሜ ፀሐይ ስትገባ ጾሙን የሚፈታበት፣ የሚያፈጥርበት ብርዝ ነው። «ማሩ አልቋል እንድሬ፣ የዛሬው ውሃ ውሃ ይልሃል» አለችው። ቆርቆሮውን ወደ ጆሮው አስጠግቶ ቀስ አድርጎ ወዘወዘና፣ «ግድ የለም እምዬ፣ አንዲት ጠብታ ማር ስትዋኝ ይሰማኛል» አላት። እሷም ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። አባታችን መስገጃው ላይ እንደተቀመጠ በጾም ጨዋታ አታብዙ አለን። ወንድሜ ቆርቆሮውን ይዞ፣ ጣሳውን ቀበቶው ላይ አንጠልጥሎ ወጣ።

ሌላ ነገር አልተባባልንም። እኔ ከአሶሳ፣ ከትምህርት ቤት ለአጭር ዕረፍት መጥቼ ነበር። አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ሲወጣ ቀና ብዬ አይቼው እንደሆነ አሁን እርግጠኛ አይደለሁም።

ወንድሜ እንድሪስ ይባላል። «ይባል ነበር» ብዬ መጻፍ ሞክሬ ነበር፣ እጄ እሺ አላለኝም።

በድርቁ ጊዜ ከወሎ ደጋ ተነሥተን ወደ አሶሳ ሰፈራ ስንመጣ ብዙ ነገር ትተን ነው የመጣነው። ሁለት እህቶቻችንንም እዚያው አፈር ውስጥ ትተን ነው። የደረስንበት አምባ ስም እንኳ አልነበረውም፣ በቁጥር ነው የሚጠራው። ቆላው ከበደን። አባቴ ለብዙ ወራት ከቤት ደጃፍ አልራቀም። እንድሪስ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ዙሪያውን ዞሮ መጥቶ፣ የት ውሃ እንዳለ፣ የት ጥላ እንዳለ፣ ማን ምን እንደሚባል ነገረን። እኔን ደግሞ እጄን ይዞ አሶሳ ወስዶ ትምህርት ቤት አስመዘገበኝ። መዝጋቢው ምኔ እንደሆነ ሲጠይቀው፣ «ታላቁ ነኝ፣ ግን እሱ ነው የሚያነብልኝ» አለ።

ትራክተር ላይ ረዳት የሚሆን ወጣት ሲፈለግ መጀመሪያ የቆመው እሱ ነበር። ሹፌሩ ገመቹ የሚባል የወለጋ ሰው ነው፣ ጴንጤ። ወንድሜም እሱም መጠጥ በአፋቸው አይዞርም። ገመቹ ይህን እያነሣ ይስቅ ነበር። ሁለት የማይጠጡ ሰዎች አንድ የማትጠግብ ጠጪ ይጠብቃሉ ይል ነበር፣ ትራክተሯን ማለቱ ነው። ወንድሜን «ወሎዬው» ነው የሚለው። ወንድሜም በበኩሉ ገመቹ መዝሙር ሲጀምር ሞተሩን ያስነሣበታል።

እንድሪስ ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት መዳፉን ክዳኑ ላይ ያሳርፋል። በሬ ሲጠምድ ሻኛውን እንደሚዳስስ ሰው። ራሱን ዘንበል አድርጎ ትንሽ ይቆያል፣ ቢስሚላህ ይላል፣ ከዚያ ይወጣል። ምን ትሰማለህ ብዬ ጠየቅሁት አንድ ቀን። ምንም አልሰማም አለኝ፣ እሷ ግን የምሰማት ይመስላታል።

ከአምባችን ማዶ በርታዎች ናቸው የሚኖሩት። መሬቱ የእነሱ ነበር፣ ትራክተሩ ሲያርሰው ቆመው ያያሉ። ከእነሱ አንዱ አልመሃዲ ንብ ያነባል። ወንድሜ ሄዶ ሰላም ብሎት ተዋወቁ። አልመሃዲ እርሻው ጥግ ላይ ሥር የበዛባት ጠባብ መሬት ነበረችው። አንድ ቀን ከሰዓት ትራክተሩ እሷንም አርሶ ተገኘ። የአምባው ካድሬ ማን ፈቀደልህ ብሎ ቢጠይቀው፣ ወንድሜ ማዞሪያ ጠቦኝ ነው ጓድ፣ ይቺ ማሽን እንደ በሬ ባለችበት አትዞርም አለው። ካድሬውም ትራክተር ነድቶ ስለማያውቅ ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ነው አልመሃዲ ማር ማምጣት የጀመረልን። እናቴ ብርዝ የምትበጠብጠው በእሱ ማር ነው።

አሁን ስለ ውሃው ልናገር። ስለ እሱ ሳልናገር የወንድሜን ነገር መናገር አልችልም።

ሞተሩን በሚያቀዘቅዘው የትራክተሩ ራዲያተር ውስጥ የሚገባው ተራ ውሃ አይደለም። አንቲፍሪዝ የሚሉት አረንጓዴ ነገር ይቀላቀልበታል። ገመቹ ሲያስረዳው፣ ትራክተሩ በተሠራበት አገር ብርድ ውሃውን ድንጋይ ያደርገዋል፣ ይህ እንዳይረጋ ይከላከላል አለው። ወንድሜ ይህን ሰምቶ ሆዱን ይዞ እስኪጎብጥ ነው የሳቀው። እኛን ውርጭ ገብሳችንን ሲፈጅብን ይሄ ውሃ የት ነበር? አሁን ላብ እንኳ በማይበርድበት አገር ሰጡን እያለ ለሰው ሁሉ ያወራ ነበር።

ሳቁ የቆመው ውሻዋ ስትሞት ነው። እኔ አልነበርኩም፣ እሱ ነው የነገረኝ። ራዲያተሩ ያንጠባጥባል። የጥበቃው ውሻ ከሥሩ ገብታ ላሰችው። ጣፋጭ ነው፣ እንደ ስኳር። ትንሽ ቆይታ እግሯ እየተጠላለፈ ስትሄድ ልጆቹ ጠላ ጠጥታለች ብለው ተከትለው ሳቁ። እንድሪስም ስቆ ነበር። በማግስቱ ዳነች ሲባል፣ ከዚያ ተኝታ አልተነሣችም። ገመቹ ያን ጊዜ ነው መርዝ እንደሆነ በሥልጠና የተነገረውን የነገረው።

ከዚያ ወዲህ ወንድሜ አንድ ጠብታ መሬት ላይ አያሳልፍም። አካፋ ይዞ ይዞራል። «አፈር አልብሰው» ይላል ገመቹን፣ «ክፍቱን አትተወው፣ ውሻ ጣፋጭ ይወዳል።» ቃሉን ወደ ቤትም ይዞት መጣ። እናትና አባቴ ስለ ተውነው አገር ጀምረው ድምፃቸው ሲለወጥ፣ «በሉ አፈር አልብሱት» ይላል። እኔ በሒሳብ ወድቄ ስመጣ ወረቀቱን አይቶ መለሰልኝና፣ «አፈር አልብሰው፣ የሚቀጥለውን አንብብ» አለኝ።

የዘይት ቆርቆሮውንም ልንገራችሁ። የእርዳታ ዘይት የመጣበት ነው። በአምባችን የሌለው ቤት የለም። አፉ ተቆርጦ ሽቦ ይታሰርበታል፣ ውሃ ይቀዳበታል፣ እህል ይሰፈርበታል፣ ሕፃን ይታጠብበታል። ትራክተሩ ጋም ናፍጣ የሚቀዳው በእሱ ነው። ሁሉም አንድ መልክ ነው።

ያን ቀን የትራክተሩ የውሃ ፓምፕ ተበላሸ። ወንድሜ ለዐሱር፣ ለከሰዓት በኋላው ሶላት ወደ ወንዙ ወርዶ ሳለ ገመቹ ራዲያተሩን አፈሰሰው። ሁልጊዜ የሚያፈስሰው በግማሽ በርሜል ነው፣ በርሜሉ ግን በዚያ ቀን ሌላ ሥራ ላይ ነበር። ስለዚህ በዘይት ቆርቆሮ አፈሰሰው። እርሻው ዳር ካለው ዛፍ ሥር፣ ጥላው ውስጥ አኖረው። ወንድሜ ሲመለስ ገመቹ ራዲያተሩ ባዶ ነው፣ እንዳታስነሣት አለውና በሚያልፍ የጭነት መኪና ተሳፍሮ አሶሳ ፓምፕ ፍለጋ ሄደ። የት እንዳፈሰሰው አልነገረውም። ወንድሜም አልጠየቀውም።

እንድሪስ ትራክተሩን እየጠበቀ እዚያው ቆየ። ያ ቀን ደረቅ ሐሩር ነበር። ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ዐይን ሲይዝ፣ ከዛፉ ሥር ቅጠል የለበሰ ቆርቆሮ አገኘ። በጣሳው ቀድቶ ጠጣ። የእናታችን ቆርቆሮ ከግንዱ ማዶ ነበር።

ቤት ሲደርስ ጨልሟል። መጀመሪያ የሰማሁት የጎረቤት ልጆች ሳቅ ነው። ቀጥሎ አጥሩ ሲንኳኳ። እየተደገፈ ነው የመጣው። እግሩ አይታዘዝለትም፣ ምላሱም። ደጃፍ ላይ ቆሞ እናቴን ፈለጋት፣ ፊት ለፊቱ እያለች።

«እምዬ፣ የዛሬው ብርዝ ጣፈጠኝ» አላት። «ማር የለም ብለሽኝ አልነበር?»

አባቴ ኩራዙን አንሥቶ ፊቱን አየውና መልሶ አስቀመጠው። «በረመዳን» ብቻ ነው ያለው።

ሲያስመልሰው እናቴ ራሱን ይዛ አፉን አሸተተች። አይሸትም አለችው አባቴን። እሱም ሁሉም መጠጥ አይሸትም አለ። አባቴ በሕይወቱ መጠጥ ቤት በር ላይ ቆሞ የማያውቅ ሰው ነው። እናቴም እንደዚያው። ሰካራም ምን ምን እንደሚል በቤታችን የሚያውቅ አልነበረም። አንድ ጠጪ ሰው በቤታችን ቢኖር ኖሮ ይህ ሰው አልሰከረም፣ ሌላ ነገር ነው ይለን ነበር።

አባቴ ማንም እንዳይወጣ፣ ማንም እንዳይጠራ አለ። ግን ጎረቤት አስቀድሞ አይቷል። እስኪነጋ ወሬው አምባውን አዳረሰ። በርታው ጠጅ አስለምዶት ነው ተባለ።

በማግስቱ ተሻለው። ቁጭ አለ፣ ንግግሩ ተስተካከለ። አባቴ ምን እንደጠጣ ጠየቀው። ብርዝ ነው አባ፣ ሌላ ምን እጠጣለሁ አለው። አባቴ ፊቱን አዞረ። ወንድሜ የዚያን ፊት መዞር እንዴት እንዳየው ማን ይነግረኛል። እናቴ ታመሃልና ጾሙን ተወው ብትለው እምቢ አለ። አባቱ እያየው ያን ቀን በሙሉ ጾመ። ውሃ አልቀመሰም።

ወደ ማታ ላይ ትንፋሹ ፈጠነ፣ ዳገት ሮጦ እንደወጣ ሰው። ጀርባውን ያዘው። ጎኑ ስቀመጥ ጠጋ ብሎ ሽንቱ እንደቀረ በጆሮዬ ነገረኝ። ለአባቴ ነገርኩት። ሲነጋ እናያለን አለ። ሌሊቱን ሙሉ ሲሰግድ ነው ያደረው፣ እንደ ጠላው አታስቡ። ለልጁ ነበር የሚለምነው። ይቅር እንዲባልለት።

ሲነጋ አልመሃዲ መጣ። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ አላስገባውም። አልመሃዲ አልተቆጣም። «ሰው ሰከረ ይላል፣ ውሸት ነው» አለ። «ወላሂ፣ እኔ ማር ሰጠ። ጠጅ አልሰጠም።» ከዚያ አጥራችን ሥር መሬት ላይ ተቀመጠ። ሂድ አልተባለም፣ ግባም አልተባለም።

እሱ እዚያው እንዳለ ገመቹ ሮጦ ደረሰ። ፓምፑን ይዞ ተመልሶ፣ ራዲያተሩን ሊሞላ ዛፉ ሥር ሲሄድ ቆርቆሮው ጎድሎ አገኘው። ጎኑ የወንድሜ ጣሳ ነበር። ጣሳውን በእጁ እንደያዘ ነው የመጣው። መንገድ ላይ ወሬውን ነግረውታል። አባቴን ሰላም እንኳ አላለውም። እኔን ነው የጠየቀኝ።

«አካሄዱ እንዴት ነበር? እንደ ውሻዋ?»

አዎ በሚል ራሴን ነቀነቅሁ።

ገመቹን ከአሶሳ ያመጣው መኪና ገና አልሄደም ነበር። አልመሃዲና እሱ በቃሬዛ አነሡት። አባቴ ቃሬዛውን ከኋላ ያዘ። አሶሳ እስክንደርስ ገመቹ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚደጋግመው። ውሻ እንዳይቀምሰው ብዬ በቅጠል ከደንኩት ይላል። እሱ ነው ክፍቱን አትተወው ያለኝ። ውሻ እንዳይቀምሰው ብዬ።

ሐኪም ቤት የተቀበለን ዶክተር ወጣት ነበር። ጠጋ ብሎ ትንፋሹን አሸተተና መጠጥ ይጠጣል ወይ ብሎ ጠየቀ። ገመቹ አይጠጣም አለና የሆነውን ተናገረ። ዶክተሩ አልተጣደፈም ግን ፊቱ ተለወጠ። የሰከረ መስሎ አፉ የማይሸት ሰው ሲመጣ መጠርጠር ያለብን ይህንን ነው አለ። መጀመሪያ ያሰክራል፣ ቀጥሎ የዳነ ያስመስላል፣ በመጨረሻ ኩላሊትን ይይዛል። ሦስቱም በቤታችን አልፈው ነበር።

አንዲት ጠብታ ሽንት በመከራ አገኙ። ዶክተሩ በማይክሮስኮፕ ራሱ አየ። በትልቅ ከተማ ደም መርምረው መርዙን በስሙ ያገኙታል፣ በልዩ መብራትም ቀለሙ ሽንት ውስጥ የሚያበራበት ጊዜ አለ፣ እኛ ጋ ያለው ይህ ብቻ ነው አለ። ተማሪ መሆኔን ሲያውቅ ቦታውን ለቀቀልኝ። አንድ ዐይኔን ጨፍኜ አየሁ። ትንንሽ የሚያብረቀርቁ አራት ማዕዘኖች፣ መሐላቸው ላይ መስቀለኛ መስመር ያለባቸው። እንደ ታሸገ ፖስታ። መርዙ ሰውነት ውስጥ ሲለወጥ የሚሠራው ነው፣ ኩላሊቱን የሞላው ይህ ነው አለኝ። በጣም ያማሩ ነበሩ። ማማራቸው እስካሁን ያናድደኛል።

ከዚያ ዶክተሩ ወጥቶ አረቄ እንደሚያስፈልግ ተናገረ። አልኮል መርዙ እንዳይለወጥ ይይዘዋል፣ ወዲያው ቢሆን ጥሩ ነበር፣ አሁን ዘግይቷል፣ ቢሆንም እንሞክር አለ። በመርፌ የሚሰጥ አልነበራቸውም። ገመቹ ሊሄድ ተነሣ። አባቴ እጁን ይዞ አስቀመጠው።

«እኔ ነኝ የማመጣው» አለ።

በመስኮት አየሁት። ጥምጣሙን እንዳደረገ፣ በረመዳን፣ በቀትር፣ መንገዱን ተሻግሮ ወደ አረቄ ቤቱ ገባ። ሲመለስ ጠርሙሱን ጋቢው ውስጥ አልሸሸገውም። ከደረቱ ፊት በሁለት እጁ ይዞት መጣ። ሰዎች ቆመው ያዩት ነበር።

ዶክተሩ በውሃ ቀላቅሎ በማንኪያ ሰጠው። ማንኪያውን ሲያቀርብለት የነበረው አባቴ ነው። ወንድሜ ሽታው ሲደርሰው ዐይኑን ገለጠ። ምን እንደሆነ ነገርነው። ከዚያ አባቱን ለረጅም ጊዜ አየው።

«አባ፣ ይዘኸው ስትመጣ ሰው አየህ?»

«ይየኝ» አለ አባቴ።

ወንድሜ ፈገግ ያለ መሰለኝ። መሰለኝ ነው፣ እርግጠኛ አይደለሁም። ከዚያ በኋላ ቃል አልተናገረም። ሰው ለሱሁር በሚነሣበት ሰዓት ትንፋሹ ቆመ።

በዚያው ቀን አምባችን አምጥተን ቀበርነው። ብዙ ሰው መጣ፣ የሳቁትም መጡ። ለሶላት ከመሰለፋችን በፊት አባቴ ዞሮ ቆመ። ድምፁ የትም የሚደርስ አልነበረም፣ ግን ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። «ልጄ አልሰከረም» አለ። «ልጄ ሲያፈጥር ነው የሞተው። እኔ ነኝ ያላመንኩት።» ከዚያ ሰዉን አልፎ ሄዶ ከኋላ የቆመውን አልመሃዲን በክንዱ ይዞ ከጎኑ አሰለፈው። ገመቹ ራቅ ብሎ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆሟል። አፈሩ ሲመለስ ግን መጥቶ አካፋ ተቀበለ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ለቀስተኛ ሳይበዛ፣ ብቻዬን ወደ እርሻው ሄድኩ። ትራክተሩ እንደቆመ ነው። መዳፌን ክዳኑ ላይ አሳረፍሁ። ቀዝቃዛ ነበር። ዛፉ ሥር የገመቹ ቆርቆሮ ተገልብጧል፣ ማን እንደገለበጠው አላውቅም። አፈሩ አረንጓዴ ሆኖ ረጥቧል። ከግንዱ ማዶ ዞርኩ። የእናታችን ቆርቆሮ እዚያው አለ፣ የሙዝ ቅጠሉ ደርቆ ተኮማትሯል። ጉንዳን ዙሪያውን ይዞታል። ቅጠሉን አነሣሁት። ብርዙ እስከ አፉ ሙሉ ነው። በሙቀቱ ፈልቶ አረፋ አውጥቷል። ጎንበስ ብዬ አሸተትሁት።

መጠጥ መጠጥ ይሸታል።

አንድ የማላውቀው ውሻ ከትራክተሩ ሥር ወጥቶ ወደ ረጠበው አፈር መጣ። አባረርሁት። ብርዙን እዚያው አጠገቡ ደፋሁት። ከዚያ የወንድሜን አካፋ ከትራክተሩ ጀርባ አውጥቼ ሁለቱንም አፈር አለበስኳቸው።